እጅ ሳይነካ ኮምፒውተርን ማዘዝ፦ ከፒያሳ የአንዲት ተርጓሚ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የትርጉም ቢሮ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠሩ አንዲት ተርጓሚ፣ ሁለቱም እጆቻቸው ለኪቦርድና ለማውስ አልታዘዝ ባሏቸው ጊዜ ሥራቸውን በድምፅ ለመቀጠል የሄዱበትን መንገድ ይዘግባል። እኔ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የምከታተል ባለሙያ ነኝ፤ ሶፍትዌሮቹን የጫንኩትም ያነጻጸርኩትም ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ ነው። ጉዳያቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸውንና የቢሮውን ስም ግን ትቻለሁ።

የጉዳዩ መነሻ

ተርጓሚዋ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። በእጃቸው የሚያልፈው በአብዛኛው የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የኩባንያ መመሥረቻ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛም ይተረጉማሉ። ሕመሙ የጀመረው በአውራ ጣት፣ በአመልካችና በመሃል ጣት መደንዘዝ ነበር፤ ሌሊት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ፣ ቀን ብርጭቆ እያስጣለ ከረመ። ሐኪም በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ሚዲያን የተባለው ነርቭ በሁለቱም እጃቸው ላይ መጨመቁን፣ ሕመሙም ካርፓል ተነል ሲንድረም እንደሚባል ነገራቸው፤ የአንጓ ድጋፍ እንዲያስሩ፣ መተየብ እንዲያቆሙ፣ በዚህ ካልተሻላቸው ደግሞ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው አስረዳቸው።

በዕድሜ የሚያንሱት የቢሮው ባለቤት መጀመሪያ ያሰቡት ቀላል መፍትሔ ነበር፦ «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሯት፣ ልጅቷ ትተይብልዎታለች።» ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ተርጓሚዋ አልተቀበሉትም። «ልጄ፣ እኔ እኮ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ነው የማፈርሰው። ሰው ጣቱን ኪቦርድ ላይ አስቀምጦ እየጠበቀኝ እንዴት አፈርሳለሁ?» አሉ። ይህ መልስ ጉዳዩን በትክክል ያስቀመጠ ነው ብዬ አምናለሁ። ተርጓሚ የሚፈልገው ቃሉን የሚጽፍለት ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰነዱን ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ፣ እየሰረዘና እየመለሰ የሚያስብበት ነጻነት ይፈልጋል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አሠሪው ለሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ የሚጥል በመሆኑ፣ ባለቤቱ ጊዜ ሳይፈጁ በድምፅ የሚሠራበትን መንገድ እንድፈልግ ነገሩኝ።

ማዘዝና ማስጻፍ

ኮምፒውተርን በድምፅ መጠቀም ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ማስጻፍ ነው፤ ሰው ይናገራል፣ ማሽኑ የተናገረውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ሁለተኛው ማዘዝ ነው፤ ፋይል መክፈት፣ ከመስኮት ወደ መስኮት መሻገር፣ ገጽ ማንቀሳቀስ፣ የተሳሳተውን ቃል መምረጥ፣ ማስቀመጥና ማተም። እጁ ጤነኛ የሆነ ሰው ሁለተኛውን በማውስ ስለሚፈጽመው ልዩነቱ አይታየውም፤ እጁን መጠቀም የማይችል ሰው ግን ግሩም አድርጎ በሚጽፍ ሶፍትዌር ፊት ተቀምጦ ፋይሉን መዝጋት ሊያቅተው ይችላል።

በአማርኛ ማስጻፍ ይቻላል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ማዘዝን በተመለከተ ግን ከዚህ በታች ከማነሣቸው ሶፍትዌሮች መካከል የአማርኛ ትእዛዝ የሚቀበል የለም። ዋናው ምክንያት የተቀዳ ድምፅ ማነስ ነው። ለአማርኛ ድምፅ ማወቂያ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ሰለሞን ተፈራ አባተ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የንባብ ድምፅ ስብስብ ሲሆን፣ የ100 ተናጋሪዎችን 20 ሰዓት ያህል ንባብ የያዘ ነበር። ከእሱ ጋር ለማነጻጸር፣ ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር የተባለው ድምፅ ማወቂያ የሰለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ላይ የአማርኛ አንድ ግስ «ስላልተመለከትናቸውም» እስከሚል ድረስ ስለሚረባ፣ ማሽኑ ሊያውቃቸው የሚገቡት የቃል ቅርጾች ብዛት ከእንግሊዝኛው እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጽ ነበር፦ ተርጓሚዋ ኮምፒውተሩን በእንግሊዝኛ ማዘዝ፣ በአማርኛ ደግሞ ማስጻፍ ይኖርባቸዋል። ጥያቄው የትኛው ጥምረት ይሻላል የሚለው ነበር።

በምን መዘንናቸው

የተለመደው ንጽጽር ሶፍትዌሩ ከመቶ ቃል ስንቱን በትክክል ጻፈ የሚለውን ይቆጥራል። እኛ ከዚህ ይልቅ እጅ የተጠራበትን ጊዜ መዘገብን። ተርጓሚዋ በሥራ መካከል የራሳቸውን እጅ ሊዘረጉ በተገደዱ ወይም ልጅቷን «እስኪ ነይ ይህን ዝጊልኝ» ባሉ ቁጥር ምክንያቱ ተጻፈ። ሥራው የሙከራ ጽሑፍ አልነበረም፤ ጠዋት ኮምፒውተሩ ውስጥ ከመግባት ጀምሮ፣ በስካን የመጣ ሰነድ መክፈት፣ መተርጎም፣ ስም ማስተካከል፣ ማስቀመጥና ማተም ነበር።

ይህ አመዘጋገብ ደረጃውን ገለበጠው። ቃል በማወቅ የሚመራው ሶፍትዌር እጅ ባለማስጠራት አልመራም፤ ምክንያቱም እጅን የሚያስጠራው ስህተቱ ራሱ ሳይሆን ከስህተቱ መውጫ ማጣት ነው። አንድ ቃል ቢሳሳትና በአንድ ትእዛዝ ቢሰረዝ ጉዳት የለውም። ትእዛዙ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ በውክልናው መካከል ቢጻፍ፣ ሊሰርዙት የተናገሩትም ተጨማሪ ጽሑፍ ሆኖ ቢገባ፣ ተናጋሪው ከዚያ የሚወጣው በእጁ ብቻ ነው።

ከሶፍትዌሩ በፊት ክፍሉ መስተካከል ነበረበት። ቢሮው ወደ ዋናው መንገድ የሚመለከት መስኮት አለው፤ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ የግንባታ ድምፅና የባለጉዳዮች ንግግር በላፕቶፑ ማይክሮፎን በኩል ያለገደብ ይገቡ ነበር። ተርጓሚዋን ወደ ኋለኛው ክፍል አዛወርናቸው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ አፍ አጠገብ የሚቆም ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫም ገዛን። ማይክሮፎኑን ከከንፈር ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ከንፈር ጥግ ማድረግ የትንፋሽ ድምፅን ይቀንሳል። የክፍሉ ለውጥ ሌላም ጥቅም ነበረው፦ የሰው ሰነድ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ሥራ ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት ሊሠራ አይገባም።

የተፈተኑት ሶፍትዌሮች

በቢሮው ነባር ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 10 ስለነበር የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በወጣውና በውስጡ ተሠርቶ በመጣው የድምፅ ማወቂያ ነበር። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ «ሾው ነምበርስ» ሲባል በስክሪኑ ላይ ሊጫን በሚችለው ነገር ሁሉ ላይ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ቁጥሩን መጥራት በማውስ እንደመጫን ይቆጠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እድገቱን አቁሞ በሌላ ተክቶታል፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለዓመታት የሚጠቅም ልማድ በእሱ ላይ መገንባት ተገቢ ስላልሆነ አልቆየንበትም።

ድራገን የዚህ ዘርፍ አንጋፋ ነው። ጄምስና ጃኔት ቤከር የመሠረቱት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ምርት ሰው ቃላቱን ሳይቆራርጥ እንደ ልማዱ እየተናገረ እንዲያስጽፍ አስቻለ፤ በኋላ ኑዋንስ በተባለ ኩባንያ እጅ ገባ፣ ኑዋንስን ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ጠቀለለው። በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ረገድ ከሞከርናቸው ሁሉ የላቀው ይኸው ነው። ትልቁ ብልጫው የቃላት መዝገቡ ነው፤ አንድ ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍና በአፍ እንዴት እንደሚነገር ለየብቻ መመዝገብ ስለሚቻል፣ ተርጓሚዋ ደጋግመው የሚያገኟቸውን የኢትዮጵያውያን ስሞች፣ የክፍለ ከተሞችና የመሥሪያ ቤቶች መጠሪያ አስገቡበት። «ስክራች ዛት» የሚለው ትእዛዝም የመጨረሻውን አነጋገር ሙሉ በሙሉ ያነሣል። ነገር ግን ሥራ የሚጀምረው ተጠቃሚው ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እጅ ይጠራል። ዋጋውም 699 ዶላር ያህል ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ መፈጸም ስላለበት ለአንድ አነስተኛ ቢሮ ከባድ ነው። አማርኛ ደግሞ ጨርሶ አያውቅም።

ቮይስ አክሰስ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 11 ውስጥ በነባሩ የድምፅ ማወቂያ ምትክ ያስገባው ነው። የቋንቋው ፋይል አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ከሁሉም በላይ የይለፍ ቃል ከመግባቱ በፊት ሥራ እንዲጀምር ማድረግ ይቻላል፤ ለጉዳያችን ይህ አንድ አማራጭ ከብዙ የቃል ትክክለኛነት ይበልጥ ነበር። «ሾው ግሪድ» ሲባል ስክሪኑን ወደ ዘጠኝ ክፍል ይከፍለዋል፤ የአንዱ ክፍል ቁጥር ሲጠራ ያ ክፍል እንደገና ወደ ዘጠኝ ይከፈላል፤ በዚህ አካሄድ ቁጥር ያልወጣለት ትንሽ ምልክት እንኳ ይደረስበታል፤ በስካን በመጣ ሰነድ ላይ አንድን ቦታ ለማጉላት ተርጓሚዋ የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ከድራገን ያንሳል፤ በተለይ በስሞች። ሆኖም ትእዛዝና ጽሑፍን ሲቀላቅል በአንድ ቃል ማስተኛት፣ በሌላ ቃል መቀስቀስ ስለሚቻል ተርጓሚዋ ወጥመድ ውስጥ አልቀሩም።

እዚህ ላይ ስለ አነጋገር አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። እኛ እንግሊዝኛ ስንናገር በተከታታይ ተነባቢዎች መካከል አናባቢ እናስገባለን፤ የእንግሊዝኛን ረጅምና አጭር አናባቢም በቀላሉ አንለይም። ስለዚህ ተርጓሚዋ በአንድ አናባቢ ብቻ የሚለያዩ አጫጭር ትእዛዞችን ትተው ረዘም ያሉትን መረጡ፤ ረጅም ትእዛዝ ለአንደበት ቢከብድም ከሌላ ጋር አይምታታም። የድምፅ ማወቂያውን ቋንቋ ከአሜሪካ እንግሊዝኛ ወደ ሌሎቹ የእንግሊዝኛ ዓይነቶች እየቀያየሩ መሞከርም ይበጃል፤ እሳቸው የተሻለ የተሰሙት በሕንድ እንግሊዝኛ ነው።

ራያን ሃይልማን የሠራው ታሎን የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ ነው። ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ አጭር ቃል አለው፤ «ኤር» ኤ ነው፣ «ባት» ቢ ነው፣ «ካፕ» ሲ ነው፤ በአፍ የሚሰማ ፖፕ የሚል ድምፅንም እንደ ክሊክ ሊቀበል ይችላል። እጃቸው የታመመ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለምን እንደሚወዱት ወዲያው ይገባል፤ የፈለጉትን ትእዛዝ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው ይጨምሩበታል። ለተርጓሚዋ ግን ሥራውን ሳይጀምሩ አንድ ሙሉ የቃላት ዝርዝር ማጥናት ይጠይቅ ነበር፤ ሕመም ላይ ላለ ሰው ይህን መጫን ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። የአፕል ቮይስ ኮንትሮል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በማክ ላይ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፤ ቢሮው ማክ ስለሌለው አልፈነዋል።

አማርኛውን ማስገባት

ለአማርኛ የመረጥነው በክሮም ተከፍቶ የሚሠራውን የጉግል ዶክስ የድምፅ ጽሕፈት ነው። መደበኛ የሕግና የአስተዳደር አማርኛ ረጋ ተብሎ ሲነበብለት ለእርማት የሚበቃ ጽሑፍ ያወጣል። ችግሩ ሁለት ሶፍትዌሮች በአንድ ማይክሮፎን ማዳመጣቸው ነው። ተርጓሚዋ አማርኛ ሲናገሩ ቮይስ አክሰስ ካልተኛ የሰማውን እንግሊዝኛ አስመስሎ ይጽፋል፤ ሊቀሰቅሱት ሲናገሩ ደግሞ የአማርኛው ጸሐፊ የመቀስቀሻውን ቃል በፊደል ገልብጦ ሰነዱ ውስጥ ያስገባል። የጉግል የማቆሚያና የማረሚያ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠሩ ስለሆኑ በአማርኛ «አቁም» ቢሉት ቃሉን ይጽፈዋል እንጂ አይቆምም።

መውጫው የተገኘው ቮይስ አክሰስ ተጠቃሚው የራሱን ትእዛዝ እንዲያዘጋጅ በሚፈቅድበት ክፍል ነው። የጉግል ዶክስ ማይክሮፎን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ ቁልፎች ይበራል፣ በእነዚሁም ይጠፋል። እነዚህን ቁልፎች የሚጫን አንድ ትእዛዝ አዘጋጀን። ተርጓሚዋ ትእዛዙን ይሰጣሉ፣ ቀጥሎ ቮይስ አክሰስን ያስተኛሉ፣ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ያስጽፋሉ፤ ሲጨርሱ ይቀሰቅሱታል፣ ማይክሮፎኑን ያጠፋሉ፣ በመጨረሻ የገባውን ትርፍ ቃል ይሰርዛሉ። ዙሪያው ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳያስቡት የሚፈጽሙት ሆነ።

ሥርዓተ ነጥብ ሌላ ጣጣ ነበር። በአማርኛ «አራት ነጥብ» ሲባል ምልክቱ ሳይሆን ሁለቱ ቃላት ይጻፋሉ። ይህ አያስከፋም፤ ሰነዱ ሲያልቅ ቃላቱን ፈልጎ በምልክቱ መተካት ይቻላል። ሆኖም በውልና በኩባንያ ሰነድ ውስጥ «አራት ነጥብ አምስት በመቶ» የሚል ይመጣል፤ መተካቱ ያን ጊዜ ቁጥሩን ያበላሻል። ስለዚህ በሕግ ሰነድ ውስጥ የማይገኙ፣ በሌላ ፊደል የመጻፍ ዕድልም የሌላቸው ቃላት ተመረጡ፤ ለአራት ነጥብ «ጉማሬ»፣ ለነጠላ ሰረዝ «ቀጭኔ» ይባላል። ምርጫው የተርጓሚዋ ነው፤ እስካሁንም ከስህተት ጠብቋቸዋል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ አማርኛው ይቆማል፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም የዋይፋይ መሣሪያው ይጠፋል። ስለዚህ የስልክ ዳታ ተጠባባቂ ሆኖ ተዘጋጀ። ማዘዙ ግን ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜም ተርጓሚዋ ፋይላቸውን አስቀምጠው ወደ እንግሊዝኛው ሥራ መሻገር ይችላሉ። ማዘዝን ኢንተርኔት ለሚፈልግ ሶፍትዌር አደራ መስጠት የለብንም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከብደው የባለጉዳይ ምስጢር ነው። በአማርኛ የሚነገረው ቃል ተጽፎ ከመመለሱ በፊት ከቢሮው ውጭ ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን ቸል ማለት አይገባም፤ አዋጁ ባይኖርም አይገባም ነበር። ቢሮው ባለጉዳዮችን አስቀድሞ እያሳወቀ ፈቃድ ይወስዳል፤ የሕክምና ማስረጃና የወንጀል ፋይል ግን በድምፅ አይጻፍም፣ ለሌላ ተርጓሚ ይተላለፋል። ይህ የተርጓሚዋን ገቢ በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ ቢሆንም እሳቸው ራሳቸው የጠየቁት ገደብ ነው።

የስሞች ፊደል

በመዝገቡ ላይ እስከ መጨረሻው እጅ ሲያስጠራ የቆየው የስም አጻጻፍ ነው። ሥዩም በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ፣ ዓለሙ በዓይኑ ዐ ነው ወይስ በአልፋው አ የሚለው በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው መሆን አለበት፤ አንድ ፊደል ከተለየ ሰነዱ ሊመለስ ይችላል። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ማንኛውም ድምፅ ማወቂያ ከጆሮ ሊለያቸው አይችልም። ተርጓሚዋ ለልጅቷ «በንጉሡ አድርጊው» ይሏትና እሷ ታስተካክል ነበር።

መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ቮይስ አክሰስ በአንድ ትእዛዝ የተወሰነ ጽሑፍ እንዲለጥፍ ማድረግ ስለሚቻል፣ እያንዳንዱን ፊደል በተለመደ መጠሪያው ሰየሙት፤ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ መሆን ስላለበት ንጉሡ «ኪንግ»፣ ፀሐዩ «ሰን»፣ ዓይኑ «አይ ሌተር» ሆኑ፤ ከስሙ ቀጥሎ ከአንድ እስከ ሰባት የሚጠራው ቁጥር ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቅርጽ ይወስናል። «ኪንግ ቱ» ሲባል ሡ ይገባል። ሁሉንም ማስገባት ጊዜ ወስዷል፤ ልጅቷ ከሥራ በኋላ እየቆየች ረዳቻቸው። አሁን የተሳሳተውን ፊደል በድምፅ መርጠው በትክክለኛው ይተኩታል።

በእንግሊዝኛ የሚያስጽፉትን በተመለከተ ባለቤቱ ድራገንን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ እያፈላለጉ ነው፤ ከተገዛ ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ይውላል፣ ማዘዙ በቮይስ አክሰስ ይቀጥላል። ተርጓሚዋ ቀኑን ሙሉ መናገር ድምፃቸውን ሰለል ስላደረገው በየሥራው መካከል ዝም የሚሉበት ጊዜ አበጅተዋል፤ በዚያ ሰዓት ሰነድ ያነብባሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ። መዝገቡ ዛሬም አልተዘጋም፤ በቅርብ ሳምንታት እጅ ያስጠሩት ሥራዎች ወረቀት ማተሚያው ውስጥ መጨመር፣ ሰነድ ስካነር ላይ ማስቀመጥና በተተረጎመው ገጽ ላይ ማኅተም ማሳረፍ ናቸው።